እውነት ቢሆንም ሐሜት ነው

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጉዳዩ የሰው ገመና የሚነካ ስለሆነ ብቻዬን ባወራው ይሻላል ብዬ ነው።

አንዲት አድማጭ መልእክት ላከችልኝ። ስሟንም ከተማዋንም አልናገርም። እዚህ እስራኤል ውስጥ ግዩር እየተማረች ነው። ከሌላ አገር ለምትሰሙኝ፣ ግዩር ማለት በሕጉ መሠረት ወደ አይሁድነት የሚገባበት ሥርዓት ነው። አብራት የምትማር ልጅ አለች። ያቺን ልጅ በሻባት፣ ስልክ መንካት በማይፈቀድበት በሰንበት ቀን፣ ስልክ ስትነካ አየቻት። ሁለቱም ቤት ዲን በሚባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት፣ ማለትም ዳያን በሚባሉት ሦስት ዳኞች ፊት የሚቀርቡበት ቀን ደርሷል። «ብናገር ሐሜት ነው። ዝም ብል ደግሞ ዳኞቹን ማታለል አይሆንብኝም ወይ?» ትላለች።

ጥያቄው ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኔ ራቢ አይደለሁም፣ ፍርድም አልሰጥም። ግን በዚህ መንገድ ከእናቴ ጋር አልፌበታለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ላውራ።

ብዙዎቻችን ሐሜት ሲባል ውሸት ይመስለናል። «እውነቴን ነው፤ ብትመጣ ፊቷ ላይም እናገረዋለሁ» እንላለን። በአይሁድ ሕግ ይህ ማምለጫ አይሆንም። የውሸት ክፋት በሰው ላይ ማውራት ራሱን የቻለ፣ የባሰ ኃጢአት ነው፤ ሞጺ ሼም ራ ይሉታል። ላሾን ሃራ የሚሉት ግን እውነት የሆነውን ነው። ሰውየው ያደረገው፣ አንተም በዓይንህ ያየኸው፣ ግን ቢወራ የሚያዋርደው ወይም እንጀራውን የሚያሳጣው ነገር ማለት ነው። «እገሌ እኮ ስላንተ እንዲህ አለ» ብሎ ነገር ማመላለስም አለ። እሱም ረኺሉት ተብሎ ለብቻው ተከልክሏል።

ኦሪት ዘኍልቍ 12 ላይ የሙሴ እህት ማርያም ያገኛትን ታውቃላችሁ። ከአሮን ጋር ሆና በሙሴ ላይ ተናገረች፤ ሰውነቷ በለምጽ ነጣ፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። ያወሩት ምን ነበር? ሙሴ ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት። በሰፈሩ መካከል ስላለች ባዕድ ሚስት ነው ወሬው የተነሣው። ያወራችው ደግሞ ተራ ሰው አይደለችም፤ ነቢይት ናት፤ ወንድሟን ከወንዝ ዳር የጠበቀች እህት ናት። ኦሪት ዘዳግም በማርያም ላይ የሆነውን አስታውሱ ብሎ ደግሞ ያዝዛል።

በኋለኛው ዘመን ይህን ሕግ ከያለበት ለቅመው በአንድ መጽሐፍ ያሰፈሩት ራቢ እስራኤል ሜየር ካጋን ናቸው። ራዲን በምትባል፣ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነበሩ። መጽሐፉ በ1873 ታተመ። ስሙ ሐፌጽ ሐይም ነው፤ ሕይወትን የሚወድ ሰው ምላሱን ከክፉ ይከልክል ከሚለው ከመዝሙረ ዳዊት 34 የተወሰደ ነው። ኋላ እሳቸውም በመጽሐፋቸው ስም ተጠሩ።

ከዚህ ሕግ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ስለ ሰሚው የሚለው ነው። ታልሙድ የሚባለው የራቢዎች የሕግ መጽሐፍ ሐሜት ሦስት ሰው ይገድላል ይላል፤ የሚያወራውን፣ የሚሰማውንና የሚወራበትን። ሰሚውም ተጠያቂ ነው። ወሬው ደርሶህ ከሆነ፣ ጉዳት እንዳያገኝህ መጠንቀቅ ትችላለህ። ማመን ግን አትችልም። ይህን አስቡት እስቲ። «እገሌ ገንዘብ አይመልስም» ብለው ቢነግሩህ ገንዘብህን አለማበደር መብትህ ነው። ሰውየውን ግን በልብህ ሌባ ማድረግ አይፈቀድልህም። ፊት መንሳት፣ ሰላምታ መከልከል፣ ከልጁ ጋር ልጅህ እንዳይጫወት ማድረግ፣ ይሄ ሁሉ የለም። ከባድ ነው። እኛ ቤት አቦል ላይ «እውነት ነው እንዴ?» የተባለው ነገር በረካው ላይ የተረጋገጠ ሆኖ ይወጣል። አሁን ደግሞ ቡናውም ሳይፈላ በዋትሳፕ ግሩፕ ያልቃል።

ወደ እናቴ ልመለስ። እኛ ዘረ እስራኤል የምንባለው ነን። ሌሎች ፈላሽ ሙራ ይሉናል፤ ስሙን አንወደውም። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ሚሲዮናውያን በቤተ እስራኤል መንደሮች መስበክ ጀመሩ። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉ ተራበ፣ ተበተነ። በዚያና ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ክርስትና ተነሣ። አንዳንዱ አምኖ፣ አንዳንዱ መሬት ለማግኘት፣ አንዳንዱ ብቻውን ቀርቶ። የእናቴ አያቶች ከእነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ታሪክ እንዳይደባለቅብን። የእስራኤል ዋና ራቢ የነበሩት ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 መንግሥትም አይሁድ ሁሉ እስራኤል እንዲገቡ በሚፈቅደው በመመለሻ ሕግ ተቀበላቸው። እንደዚያም ሆኖ የሙሴ ዘመቻ በተባለው የአውሮፕላን ጉዞ የመጡት «ለጥንቃቄ ሚቅቬ፣ የመንጻት ውኃ ውስጥ፣ ግቡ» ተባሉ። በ1985 ኢየሩሳሌም በዋናው ራቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። «እኛ አይሁድ ነን፤ ምን ሁኑ ትሉናላችሁ?» አሉ። ልክ ነበሩ። የእኛ መንገድ ግን ሌላ ነው። እኛ የገባነው በመመለሻ ሕግ ሳይሆን መንግሥት ሲፈቅድ በሚያስገባው በመግቢያ ሕግ ነው። ግዩርም ሙሉውን መማር፣ ሙሉውን መፈጸም አለብን።

ግዩር ምኑ ነው የሚከብደው ትሉኝ ይሆናል። ትምህርቱ ይከብዳል፤ ግን ይቻላል። ጎልማሳ ወንድ፣ ያውም በሕፃንነቱ የተገረዘ ሰው፣ የኪዳን ደም ጠብታ እንዲወሰድለት መቅረቡ ይከብዳል። በሦስት ዳያኖች ፊት ትእዛዛቱን ተቀብያለሁ ማለት፣ ከዚያም ሚቅቬ መግባት፣ ይህም ቀላል አይደለም። እናቴን የከበዳት ግን ወጥ ቤቷ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ወጥ በንጥር ቅቤ ነው የሠራችው። ሥጋና ወተት አይገናኝምና ቅቤው ቀረ። በዘይት ሠርታ ቀመሰችው፤ ዝም ብላ ማማሰያውን አስቀመጠች። ድስቱ ሁለት፣ ማንኪያው ሁለት፣ ስፖንጁ ሁለት ሆነ። ልመደው ብላ ለመደችው። ዛሬ የእሷን ዶሮ ቅቤ የለውም ብሎ የሚያምን የለም።

ከሁሉ የባሰው ግን ኑሮው በሰው ዓይን ሥር መሆኑ ነው። መርከዝ ክሊታ፣ አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት ቦታ ማለት ነው፣ ውስጡ ግድግዳው ቀጭን ነው። ሻባት ማን መብራት አጠፋ፣ ማን ቲቪ ከፈተ፣ ልጆቹን ማን ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት አስገባ፣ ሁሉ ይሰማል። ሁሉም ደግሞ ተፈታኝ ነው። ፈተናው የጋራ ሲሆን ሰው ሌላውን ዝቅ አድርጎ ራሱ ከፍ ያለ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከጎረቤት አንዷ ሄዳ ለመምህሩ ነገረች። «እሷ እኮ ጎንደር እያለች ማተብ ነበራት፤ ቤተ ክርስቲያን ትሳለም ነበር።» መምህሩም በክፍል ሰው ፊት እናቴን ጠየቃት። እናቴ «አዎ፣ ነበረኝ። ወልደው ያሰሩልኝ ነው» አለች። አልዋሸችም፤ አላፈረችም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ የጠዋት ቡና የሚጠሯት ሴቶች መጥራት አቆሙ። ራሳቸው ከማን ተወልደው እንደመጡ ረስተው አይደለም። ፈርተው ነው። እነሱም ላይ እንዳይወራ።

አሁን ልብ በሉ። ያቺ ጎረቤት የተናገረችው እውነት ነው። አንድም ቃል አልጨመረችም። ሚሽና፣ የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ መጽሐፍ፣ ባባ ሜጺያ በሚባለው ክፍሉ ደግሞ ይህንኑ ለይቶ ይከለክላል። ንስሐ ለገባ ሰው «የድሮ ሥራህን አስታውስ» አትበለው ይላል። የገሪም፣ በግዩር የገቡ ሰዎች፣ ልጅ ለሆነ «አባቶችህ ያደረጉትን አስታውስ» አትበለው ይላል። ታልሙዱ ይጨምርና፣ ገር ሆኖ ኦሪት ሊማር ለመጣ ሰው «ርኩስ የበላ አፍ ዛሬ ኦሪት ሊማር?» አይባልም ይላል። ገር የሚሉት በግዩር የገባውን አንዱን ሰው ነው። እሱን እንዳናሳዝን ኦሪት 36 ቦታ ታስጠነቅቃለች፤ 46 የሚሉም አሉ። 

ይህን ሕግ ያቺ ጎረቤት ላታውቀው ትችላለች። መምህሩ ግን ያውቀው ነበር። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ራምባም፣ ማይሞኒደስ የምትሉት፣ ከ800 ዓመት በፊት ከግብፅ ለአንድ ገር ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ኦቫድያ ይባላል። ኦቫድያ በአንድ የእምነት ጥያቄ ከመምህሩ ጋር ተከራክሮ፣ መምህሩ ሞኝ ብሎ ሰደበው። ራምባም ምን አሉ? መምህሩ ትልቅ ኃጢአት ሠርቷል፤ አንተ ተማሪው ብትሆንም ይቅርታ ሊጠይቅህ ይገባል አሉት። አባትህንና አገርህን ትተህ የመጣህ ሰው እንዴት ሞኝ ትባላለህ አሉት። በሌላ ደብዳቤ ደግሞ «የአባቶቻችን አምላክ» ብለህ መጸለይ ትችላለህ፤ አብርሃም አባትህ ነው አሉት። እናቴ ጸሎት መጽሐፉ ላይ እዚያ ቃል ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ይህን ደብዳቤ ባነበብኩላት ቀን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

ታዲያ ቤት ዲን ስለሚመጣው ሰው ምንም መስማት የለበትም ወይ? አይደለም። ሕጉ ለጥቅም ሲባል የሚነገርን ነገር ይፈቅዳል፤ ቶኤሌት ይሉታል። ለምሳሌ ኮሄን፣ ከአሮን የካህናት ዘር የሆነ ወንድ፣ ገር የሆነችን ሴት ማግባት አይችልም። ስለዚህ አንዲት ልጅ ከኮሄን ጋር ከታጨች ነገሩ መታወቅ አለበት። ግን መጀመሪያ የሚነገረው ለእሷ ነው፤ ለሰፈሩ አይደለም። እሷ ራሷ ትናገር።

ሐፌጽ ሐይም ለዚህ ፈቃድ ሰባት ሁኔታ አስቀምጠዋል፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። በዓይንህ ያየኸው እንጂ የሰማኸው አይሁን ይላሉ። ጥፋት መሆኑን ቸኩለህ አትወስን ይላሉ። አትጨምርበት። በመናገርህ ደስታ አይኑርህ። ሰውየውን አስቀድመህ ለስላሳ በሆነ አንደበት አናግረው። ሳትናገር ጥቅሙን በሌላ መንገድ ማምጣት ከቻልክ በዚያ ሂድ። የምታደርስበት ጉዳትም ፍርድ ቤት ከሚፈርድበት አይብለጥ።

ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚናገር ሰው ስንት ነው?

ነገሩ በሚቅቬው ቀን ስለማያበቃ ነው እንዲህ የምጨነቀው። በ2008 እዚሁ አገር ታላቁ የራቢዎች ፍርድ ቤት፣ ከብዙ ዓመት በፊት ግዩር ፈጽማ በኋላ ለፍቺ የቀረበችን ሴት ግዩሯን አልቀበልም አለ። የመንግሥትን የግዩር ፍርድ ቤቶች ይመሩ በነበሩት በራቢ ሐይም ድሩክማን ሥር የተደረጉ ብዙ ሺህ ግዩሮችም አብረው ጥርጣሬ ውስጥ ገቡ። ፍቺ ልትፈጽም ሄዳ ሻባት ትጠብቂያለሽ ወይ ተባለች። በታልሙድ ግን ገር የሆነ ሰው ተመልሶ ቢያጠፋ እንኳ እንዳጠፋ እስራኤላዊ ነው፤ ጋብቻው ጋብቻ ነው። ከዚያ ውሳኔ በኋላ ግን በየቤቱ ፍርሃት ገባ። «ጎረቤት ቢያወራብኝስ?» የሚል ፍርሃት። በእንዲህ ያለ ፍርሃት መካከል «ያየሁትን ነው የተናገርኩት» የሚል ሰው የምን እሳት እየጫረ እንደሆነ ይወቅ።

እህቴ፣ እንግዲህ ላንቺ። ያየሽውን አይተሻል። ለምን እንደነካችው ግን አላየሽም። ሕመምተኛ ይኑርባት፣ ጎንደር የቀረ ሰው ይደውልላት፣ ወይም ዝም ብሎ ድካም ይሁን፣ አታውቂም። ዳያኗ አንቺ አይደለሽም። ዳያኖቹ እሷን ራሷን ይጠይቃሉ፤ መልሱም የእሷ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እሷ ሂጂ። ለብቻችሁ፣ ሰው በሌለበት። «አይቼሻለሁ» ብለሽ አታስፈራሪያት። ሻባት እንዴት እየሆነልሽ ነው ብለሽ ጠይቂያት። ከተቸገረች እንግዲህ ሻባትን አብራችሁ አሳልፉ፤ እራት ጥሪያት። አንቺንም ሳይከብድሽ አይቀርም።

ቤት ዲኑ ስለ እሷ አንቺን በቀጥታ ቢጠይቅሽ መዋሸት አይገባሽም። ያየሽውን ብቻ፣ ያየሽውን ያህል ብቻ። ከዚያ በፊት ግን የምታምኚውን ራቢ የእሷን ስም ሳትጠሪ አማክሪ፤ ስም ሳይጠሩ መጠየቅ የተለመደ ነው። ለክፍል ጓደኞችሽ፣ ለእናትሽም ቢሆን፣ አትንገሪ። ለእኔ ያለ ስሟ መጻፍሽ ትክክል ነበር።

ሌሎቻችሁም በዚህ ጉዳይ ያለፋችሁበትን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ዝግጅት አነባለሁ። የሰው ስም ያለበትን፣ ሰፈሩ ወይም ትምህርት ቤቱ የሚታወቅበትን መልእክት ግን አላነብም፤ ሳልመልስ አጠፋዋለሁ። ሻባት ሻሎም።