ቤዚኩ ስንት ነው? የቴሌኮም ቴክኒሽያን ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና የኅብረት ስምምነት

ሳምሶን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው ከቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ማንሆል ውስጥ ገብቶ ፋይበር ስለሚቀጥለው፣ ታወር ስለሚወጣው፣ ሌሊት ስልኩን ከራስጌው ስለማያርቀው ቴክኒሽያን ነው። ስለ ሙያው ሳይሆን ስለ ክፍያው። ብርቱካን፣ ከየት እንጀምር?

ብርቱካን፦ ከቅጥር ደብዳቤው። ሰው ሥራ ሲያገኝ «ጠቅላላ ስንት ነው?» ይላል። 24 ሺህ ከተባለ ደስ ብሎት ይፈርማል። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ግን «ቤዚኩ፣ መሠረታዊ ደመወዙ ማለት ነው፣ ስንት ነው?» ብሎ ነው።

ሳምሶን፦ ድምሩ አንድ ከሆነ ምን ልዩነት አለው?

ብርቱካን፦ ሁለት ሰው እንውሰድ። አንዱ መሠረታዊ ደመወዙ 15,600 ነው፤ ቤት፣ ትራንስፖርትና ሪስክ (የአደጋ ሥጋት) አበል ሲደመር 24,000 ይሞላል። ሌላኛው መሠረታዊው 20,800፣ አበሉ 3,200፤ ድምሩ ያው 24,000። አሁን ጡረታ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1268/2014 መሠረት አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። የሚሰላው ከመሠረታዊው ነው። ለመጀመሪያው አሠሪው በወር 1,716 ብር ያስገባል፣ ለሁለተኛው 2,288።

ሳምሶን፦ ሠራተኛው ግን «ከኔም 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አንዳንዱ አበል ደግሞ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ግብር የለበትም፤ ስለዚህ አበሉ ይሻለኛል» ይልሻል። ስሌቱ ለዛሬ ኪስ ልክ ነው።

ብርቱካን፦ ለዛሬ ኪስ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ችግሩ ሥራው የቆመ ቀን ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደመወዝ ብሎ ሲተረጉም ትርፍ ሰዓትን፣ ውሎ አበልን፣ የአስቸጋሪ ቦታ አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንን ከውስጡ አውጥቷቸዋል። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ስንብት የሚገባው ሰው 6 ዓመት ቢሠራ፣ የቀን ደመወዙን ወሩን ለ30 አካፍለን ካሰላን፣ በ15,600 የሚያገኘው 41,600 ብር ነው። በ20,800 ግን ከ55,400 ያልፋል። ሰዎቹ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ እኩል እናገኛለን ሲሉ የነበሩ ናቸው።

ሳምሶን፦ የሥራ ላይ ጉዳትም እንደዚሁ ነው። ከፖል የወደቀ ሰው ጊዜያዊ ጉዳት ሲደርስበት የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት 50 በመቶ ነው የሚከፈለው። ሪስክ አበል ሲቀበል ኖሮ፣ ሪስኩ በደረሰ ጊዜ አበሉ ከስሌቱ ውጭ ሊሆንበት ይችላል። ይህ ሁሌም ያናድደኛል።

ብርቱካን፦ የሠራተኛ ማኅበሩ ይህን ከአሠሪው ጋር በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ማስተካከል ይችላል። «ለጉዳት ክፍያ ሪስክ አበል ከደመወዝ ይቆጠራል» ብሎ መጻፍ አይከለከልም። ከሕጉ የተሻለ ከሆነ ስምምነቱ ይሠራል፣ ከሕጉ ካነሰ ሕጉ ይሠራል።

ሳምሶን፦ ወደ ትርፍ ሰዓት እንሂድ፤ ብዙ ክርክር ያለው እዚያ ነው።

ብርቱካን፦ መጀመሪያ የሰዓት ዋጋ ይውጣ። መደበኛው በሳምንት 48 ሰዓት ነው። 48 በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 15,600 ለ208፣ በሰዓት 75 ብር። አንዳንድ ፔይሮል ግን 30 ቀን በ8 ብሎ ለ240 ያካፍላል፤ 75ቱ 65 ይሆናል። በሰዓት 10 ብር በዝምታ ሄደ ማለት ነው። በስምምነት ሳምንቱ 40 ሰዓት የሆነበት ድርጅት ደግሞ አካፋዩ 173 ገደማ ነው፣ የሰዓቱ ዋጋ 90 ብር ይደርሳል። አካፋዩን በቁጥር ስምምነቱ ላይ ጻፉት።

ሳምሶን፦ ማባዣዎቹን ልበላቸው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5።

ብርቱካን፦ አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ቆፋሪ ኬብል ቆረጠ እንበል። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቡድኑ ተጠርቶ እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ጨረሰ። አራት ሰዓት። በስንት ይከፈላል?

ሳምሶን፦ ሁሉም «እሁድ ነው፣ በ2» ይላል።

ብርቱካን፦ አይደለም። አዋጁ የሳምንት ዕረፍትን የሚቆጥረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ገና የቅዳሜ ሌሊት ናቸው፤ በ1.75፣ 262 ብር ከ50። ቀጣዮቹ ሁለቱ በ2፣ 300 ብር። ድምሩ 562 ከ50። ቤዚኩ 20,800 የሆነው ሰው ለዚያው አራት ሰዓት 750 ያገኛል፤ ቤዚክ ቤዚክ የምለው ለዚህ ነው።

ሳምሶን፦ ግብሩም አለ። ከ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ነው። 562 ከ50 ብሩ እጅህ ሲገባ 365 ገደማ ነው። ሰው «ተሸረፈብኝ» ብሎ ፋይናንስ በር ላይ የሚጨቃጨቀው ብዙ ጊዜ ይህን ረስቶ ነው። በዓልስ?

ብርቱካን፦ በዓል ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። ፈረቃህ በዓል ላይ ከዋለና መደበኛ ሰዓትህን ከሠራህ ክፍያው ቢያንስ እጥፍ ነው። 2.5 የሚሆነው ትርፍ ሰዓት ሲሆን ነው። ሌላው፣ በዓሉ ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል የሚለው ነው። የደመራ ማታ መስቀል አደባባይ የኔትወርክ ሥራ አለ፤ በዓሉ የሚውለው በማግስቱ መስከረም 17 ነው። ከእኩለ ሌሊት ወይስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት? በስምምነቱ አንድ መስመር ካልተጻፈ በየዓመቱ ያው ክርክር ነው።

ሳምሶን፦ ተጠባባቂነትም አለ። ቤቱ ሆኖ ስልክ ክፍት አድርጎ፣ ሳይጠጣ፣ ከከተማ ሳይወጣ የሚያድረው። አሠሪው «አልሠራህም» ይለዋል።

ብርቱካን፦ አዋጁ የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም በትክክል የሠራበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ የሆነበትንም ይላል። ግን ቤት ውስጥ ያለው ዝግጁነት እዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ረጅም ነው። የሚሻለው ለተጠባባቂነት ሌሊት ቁርጥ ክፍያ፣ ለጥሪ ደግሞ ዝቅተኛ ሰዓት መደራደር ነው። ለ40 ደቂቃ ሥራ ተጠርቶ ቢወጣም እንደ 3 ሰዓት ይቆጠርለት፣ ሰዓቱም ከቤት ከወጣበት ይጀምር። እኔ ብሆን ከደመወዝ ጭማሪው ቀጥሎ የማስቀድመው ይህን ነው።

ሳምሶን፦ ማስረጃውስ? ትርፍ ሰዓት አሠሪው በግልጽ ሲያዝ ነው የሚታወቀው። በስልክ «ድረስ» የተባለ ሰው ምን ይይዛል?

ብርቱካን፦ የፋይበር ቴክኒሽያን ከማንም የተሻለ ማስረጃ አለው። የብልሽት ቲኬቱ የተከፈተበትና የተዘጋበት ሰዓት አለ። ፋይበር የሚቀጥለው መሣሪያ፣ ስፕላይሰሩ፣ እያንዳንዱን ቅጥል ከነሰዓቱ ይመዘግባል። የፋይበሩን መስመር በሚለካው ኦቲዲአር ላይ የሚቀመጠው የልኬት ፋይልም ቀንና ሰዓት አለው። ብቻ የመሣሪያው ሰዓት መስተካከሉን እይ፤ ባትሪው አልቆ ወደ ፋብሪካው ቀን ከተመለሰ ማስረጃህ የሌላ ዓመት ሆኖ ይወጣል። የጥሪውን መልእክትም አታጥፋ።

ሳምሶን፦ ጣሪያውን አንርሳ፤ ትርፍ ሰዓት በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። የኮሪደር ልማቱ ኬብል ወደ መሬት ሲያስገባ ሌሊት ሌሊት የተሠራውን አስቡት። ከ12 ያለፈውን ፔይሮል አልቀበልም ሲል «ውሎ አበል» ተብሎ ይገባል፤ ከዚያ ትርፍ ሰዓት ነበር ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

ብርቱካን፦ ከሁሉ በላይ ግን ማኅበራት የሚጎዱት በቀን መቁጠሪያ ነው። የኅብረት ስምምነት ሊያልቅ ቢያንስ 3 ወር ሲቀረው እንደገና ድርድር መጀመር አለበት። ካለቀ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ካልተቋጨ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅምን የሚመለከቱት አንቀጾች መሥራት ያቆማሉ። ለተጠባባቂ ሌሊት ያስፈረማችሁት፣ የበዓሉ መስመር፣ ሁሉም። ስለዚህ የሚጓተት ድርድር ለማን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው።

ሳምሶን፦ ቴሌኮም ላይ ደግሞ የሥራ ማቆም አድማ ማድረግ አይቻልም። አዋጁ ቴሌኮምን ከመብራት፣ ከውኃ፣ ከሆስፒታል ጋር እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ውስጥ መድቦታል።

ብርቱካን፦ አዎ፣ ስለዚህ የደመወዝ ጭማሪው ድርድር ሲከሽፍ መንገዱ ማስማማትና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው። እዚያ ደግሞ የሚያወጣው ጩኸት ሳይሆን ሰነድ ነው። የሦስት ዓመት የደመወዝ ሠንጠረዥ፣ የትርፍ ሰዓት ድምር፣ የለቀቁ ሰዎች ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። የአንድ ሰው ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ግን የግል ክርክር ነው፣ ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል።

ሳምሶን፦ በስንት ጊዜ ውስጥ?

ብርቱካን፦ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ ሲሆን መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር። «ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» ያለ ሰው ግማሹ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ሄዶበታል። መጀመሪያ ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቲኬት ቁጥሩን ዘርዝሩ፣ ቅጂው ላይ ገቢ ማኅተም አስመቱ።

ሳምሶን፦ «እናያለን» ካሉትስ?

ብርቱካን፦ የቃል «እናያለን» ይርጋውን አያቋርጠውም። አሠሪው «ይገባሃል» ብሎ በጽሑፍ ካመነ ወይም ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ከቀረበ ነው የሚቋረጠው። ደብዳቤ አስገብቶ አምስተኛው ወር ላይ የደረሰ ሰው መልስ መጠበቁን ትቶ ክሱን ይክፈት።