መሪ ያልያዝኩበት ጉዞ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ አዳማ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ ነው የማወራው። የባጃጅ ድምፅ ሾልኮ ከገባ ይቅርታ፤ እሱን የሚያስቆም መስኮት ገና አልተሠራም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ከአዳማ ድሬዳዋ ስመላለስ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በስም አውቀዋለሁ እል ነበር። የማውቀው ግን የተሳቢ ጀርባ ነው። ከፊቴ ሁልጊዜ የጅቡቲ ጭነት አለ፤ ልቅደም ወይስ ልታገሥ እያልኩ ሳሰላ አገሩ ያልቃል። ታዲያ ባለፈው ወር መኪናዬ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ «ነገ» አለኝ። የመካኒክ ነገ ስንት ቀን እንደሆነ ስለማውቅ የባቡር ትኬት ቆረጥኩ።

ደስታው የጀመረው ከትንሽ ነገር ነው፤ እግሬን ዘረጋሁ። ከዚያ ተነሥቼ በፉርጎው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሽንት ቤትም አለ! ይህን የሚያደንቀው በረሃ ላይ ቁጥቋጦ የፈለገ ሾፌር ብቻ ነው።

ወለንጪቲን አልፈን መተሐራ ስንቃረብ ግን ዝም አልኩ። የፈንታሌ ተራራ፣ ከሥሩ የተዘረጋው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያ በሰቃ ሐይቅ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ውሃ ነው፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ስለሆነ የሸፈነው መሬት ለእርሻም ለግጦሽም አይመለስም። በዳሩ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ደረቅ ግንዶች ከውሃው መሀል ቆመው ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ቀጥሎ አረንጓዴ የሸንኮራ አገዳ፣ ከአገዳው ማዶ ደግሞ የከረዩ አርብቶ አደሮች ግመሎች። ሁለቱ እንዲህ እንደሚጎራበቱ ከመሪ ጀርባ ሆኖ ማን ያያል?

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናት የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ዳቦ ቆሎ ፈትተው «ብላ እንጂ ልጄ» አሉኝ። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ።

«እማማ፣ ይህ ባቡር ከድሮው አይሻልም?» አልኳቸው።

«አቦ ተወኝ! አያወዛውዝም፤ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።»

ሳቅሁ እንጂ እውነታቸውን ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነበር፤ የአሁኑ 1.435 ሜትር ነው፣ ባቡሩም በኤሌክትሪክ ይሄዳል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምር አዳማ ላይ ስለ ፍጥነቱ እንጂ ስለ እንቅልፍ ያነሣ ሰው አላስታውስም።

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው የድሮዎቹን ጣቢያዎች እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙልኝ ጀመር፦ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ሙሉ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር። ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ይገዛ ነበር አሉ። አሁን በብዙዎቹ ባቡር አይቆምም። እኔም ብርቱካን አማረኝ።

ከዚያ የከተማቸውን ታሪክ ጀመሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት መስመር ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ተራራው ከበደ፤ ሐዲዱ በቆላው ይሂድ ተባለ፤ በ1895 ባቡሩ ከተራራው ሥር ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ እስኪገባ 1909 ሆነ። «ለገሃር» የምንለውም ፈረንሳዮቹ ጣቢያን የሚጠሩበት ቃል ነው። እማማ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ «እኛን የወለደን ባቡር ነው።» አዳማም የባቡር ልጅ መሆኗን ላስታውሳቸው ፈልጌ ነበር፤ ዳቦ ቆሎ አፌን ሞልቶት ተውኩት።

ስንደርስ ትከሻዬ አልደነደነም። ለወትሮው ድሬዳዋ ስገባ ከሰው ጋር የምነጋገርበት አንደበት አይኖረኝም፤ ያን ቀን ከባጃጅ ሾፌር ጋር እንኳ ሳልጨቃጨቅ ተሳፈርኩ።

በማግስቱ ሥራዬን በግማሽ ቀን ጨርሼ «ከዚራ» በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ማኪያቶ እየጠጣሁ ሳለ መካኒኩ ደወለ። የመልሱ ትኬት ኪሴ ውስጥ ነበር።

«መኪናህ ተሠርታለች፤ መቼ ትወስዳታለህ?» አለኝ።

«ነገ» አልኩት።