በምን ይሰፈር?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሲያብሰለስለኝ የከረመ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ቶሮንቶ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሰፈራችን ካለው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ የእርሻ መጽሔት አነሳሁ። ስለ እርሻ ብዙም አላውቅም። ግን አዲስ አበባ መጽሔት ላይ ስለሠራሁ፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አዘጋጆቹ ስም ነው። ከስማቸው ሥር በደቃቅ ፊደል ለካናዳ መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ምስጋና ተጽፏል። «በቃ፣ የመንግሥት ልሳን ነው» ብዬ መለስኩት።

ተሳስቼ ነበር።

የዚህ ድጋፍ መነሻ ከጎረቤት አገር የመጣ ጣጣ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አንዳንድ የአሜሪካ መጽሔቶች አገራቸው ያዘጋጁትን ጽሑፍ ይዘው፣ ማስታወቂያውን ብቻ ለካናዳ ገበያ እየቀየሩ መሸጥ ያዙ። የጽሑፉ ወጪ አገራቸው ላይ ተሸፍኗል። ስለዚህ ማስታወቂያውን በርካሽ መስጠት ይችላሉ። የካናዳው አሳታሚ በምን አቅሙ ይወዳደር? መንግሥት በ1995 በእንዲህ ያለው ማስታወቂያ ላይ 80 በመቶ ታክስ ጣለ። አሜሪካ ለዓለም የንግድ ድርጅት አቤት አለች፤ በ1997 ካናዳ ተረታች። ታክሱ ሲቀር፣ ለአሳታሚዎች በቀጥታ ገንዘብ መስጠት ዋናው መንገድ ሆነ። ከ2010 ጀምሮ ያለው የወቅታዊ ኅትመቶች ፈንድ በዓመት ወደ 75 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያከፋፍላል።

እኔን የገረመኝ ግን የብሩ ብዛት አይደለም፣ አሰፋፈሩ ነው። ፈንዱ ሲቋቋም፣ አንድ መጽሔት ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚሰላው በዋናነት በሸጠው ኮፒ ልክ ነበር። ቀመር አለው። የካናዳ ሥራ መሆኑ ይጣራል፤ ሚኒስትሩን ወቀሰ፣ አሞገሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትልልቆቹ ጠቅልለው እንዳይወስዱትም ሲጀመር ለአንድ መጽሔት ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳይሰጥ ተወስኖ ነበር።

ይሄን ሳውቅ የኛዋ መጽሔት ትዝ አለችኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። የመጨረሻውን እትም ልናስገባ ስንል፣ ማተሚያ ቤቱ የወረቀት ዋጋ ጨምሯል ብሎ ልዩነቱን በማግስቱ እንድንከፍል ነገረን። ተበድረን ከፈልን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዟሪያችን ያልተሸጠውን በሲባጎ አስሮ መለሰልን። አንጀቴ ቁርጥ አለ። «አንባቢ ጠፋ ማለት ነው?» አልኩት።

«ኧረ አንባቢማ ሞልቷል» አለኝ። «ተከራይቶ ነው የሚያነበው።»

ከእስሩ ውስጥ አንዷን መዞ አሳየኝ። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በሳንቲም እየተከራዩ ያነበቧት ናት። ጠርዟ ተልጧል። ሽፋኗ በእጅ ወዝ ጠቁሯል። መሐል ገጽ ላይ የማኪያቶ ክብ አርፎባታል። አንዱ አንባቢ እኔ ያለፍኩትን የፊደል ግድፈት በእስክሪብቶ አርሞታል።

አሁን ቀን በቀን የማስበው ይሄን ነው። ለኛም አገር እንዲህ ያለ ፈንድ ይቋቋም ብዬ ከልቤ እመኛለሁ፤ ማንም ባለሥልጣን እጁን የማያስገባበት፣ በአንባቢ ቁጥር የሚሰፈር። ግን በተሸጠ ኮፒ ብቻ ከተሰፈረ ያቺ መጽሔት ዜሮ ናት። ተመላሽ ናት። ስንት ሰው እንዳነበባት የሚያውቀው ያ አዟሪ ነው። ቀመሩን የሚጽፉ ሰዎች ሲሰበሰቡ እሱም እንዲጠራ እፈልጋለሁ።