ግማሽ ላይ የደረቀችው ቀስት

ሳሚ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ያረጀ የጭነት መኪና የነዳጅ ጌጅ ሲበላሽ ከየት ጀምረን እንፈትሽ የሚል ነው። ሄዋን፣ ሰሞኑን እጅሽ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

ሄዋን፦ ገና አልለቀቀኝም! ግን መጀመሪያ የአባዬን ዱላ ልንገርህ።

ሳሚ፦ ዱላ?

ሄዋን፦ የባህር ዛፍ ዱላ። ያደግኩት ሱሉልታ ነው። አባዬ በአሮጌ አይሱዙ ድርቆሽ ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። ጌጁ ታምኖ አያውቅም። ስለዚህ ከወንበሩ ጀርባ አንድ ክንድ የምታህል ዱላ አለች፤ በቢላ ሦስት ቦታ ምልክት ያላት። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ሳልባትዮ ውስጥ ትከታታለህ፣ ታወጣታለህ፣ የረጠበውን ታያለህ። ከታችኛው ምልክት ካላለፈ፣ ማደያ ሳትገባ አትንቀሳቀስም። ሰባት ዓመቴ ላይ የዱላዋ ኃላፊ እኔ ነበርኩ።

ሳሚ፦ ቆሻሻ አይገባም እንዴ?

ሄዋን፦ በንጹህ ጨርቅ ተወልውላ ነው የምትገባው! አባዬ ለሷ ቀልድ አያውቅም።

ሳሚ፦ እኔ ግን አልስማማም። ዱላ የሚነግርሽ መኪናው ሲቆም ብቻ ነው። እየነዳሽስ?

ሄዋን፦ እሱ ልክ ነህ። ግን ስማኝ፣ ባለፈው ወንድሜ ዱላዋን ትቶ ጌጁን አመነ። ቀስቷ ግማሽ ላይ ናት። እንጦጦን ሳይጨርስ፣ ዳገት መሃል፣ ድርቆሹን እንደተሸከመ ቀጥ! ናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ስለጨመርክለት ብቻ አይነሳም። መስመሩ አየር ስቧል። በጄሪካን አምጥተን፣ የአየር ማውጫዋን ብሎን አላልተን፣ የእጅ ፓምፗን ስንመታ፣ አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍጣ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ፈጀብን። አባዬ መጣ። ዱላዋን አወጣና አሳየው። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሳሚ፦ አቤት! ከቁጣ ይብሳል።

ሄዋን፦ በጣም። ወንድሜ እስከ ማታ አንገቱን ቀና አላደረገም።

ሳሚ፦ ጌጁስ? ርዕሳችን እኮ እሱ ነበር።

ሄዋን፦ እሺ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ዳሽቦርድ ይፈታል። አትፍቱ! ከሳልባትዮው ጀምሩ። እዚያ ወደ ጌጁ የምትሄድ ሽቦ አለች። ቁልፉን ከፍቼ ሽቦዋን ነቀልኩ፤ ቀስቷ ባዶ ላይ ወረደች። ክዳኑ እንደተዘጋ፣ ከአፉ ራቅ ብዬ፣ ሽቦዋን ለአፍታ ሻሲው ብረት ላይ አስነካኋት፤ ፉል ላይ ወጣች። በሌላ መኪና ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ዋናው መንቀሳቀሷ ነው። ከተንቀሳቀሰች ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው። እምቢ ካለች ፊውዝና ሽቦ ይፈተሽ። የቤንዚን መኪና ከሆነ ግን ብልጭታ አደጋ ነው፤ ለባለሙያ ተዉት።

ሳሚ፦ እኔን ጋራዥ ስሄድ ሁሌ «ማሳ ነው» ይሉኛል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ሻሲው የሚመለስበትን ግንኙነት ማለታቸው ነው።

ሄዋን፦ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ማሳው ዝጎ ቢሆን ግን የኛ ቀስት ባዶ ላይ በተኛች ነበር። ግማሽ ላይ ከደረቀች ውስጥ የተያዘ ነገር አለ። ፍሎተሩን፣ ናፍጣው ላይ ተንሳፍፎ ልኩን ለጌጁ የሚነግረውን፣ አወጣሁት። ክንዱ መታጠፊያው ላይ ዝጓል። ናፍጣው ወርዶ እሱ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀርቷል! ጠረግኩት። ክንዱን ቀስ እያልኩ እያነሳሁ በኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተር ለካሁ፤ ቁጥሩ ሳይዘል ተቀየረ። መልሼ ገጠምኩት።

ሳሚ፦ እንግዲህ ዱላዋ ጡረታ ወጣች።

ሄዋን፦ በፍጹም!

ሳሚ፦ ተሠራ አልሽ እኮ!

ሄዋን፦ ተሠራ። ግን በምን አመሳከርኩት? በዱላዋ! ፉልና ግማሽ ላይ ገጠሙ። ሩብ ላይ ጌጁ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ቅዳሜ እንደገና ፈትቼ ክንዱን አስተካክላለሁ።

ሳሚ፦ እኔ አሁንም ጌጅ እመርጣለሁ። ግን ዱላዋን አንድ ቀን ይዘሻት ነይ፣ ልያት።

ሄዋን፦ አባዬ ከፈቀደ።