ሲሞቅ ለምን ይፈጥናል?

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ የሳይንስ ክበባችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ላብ ውስጥ የምትሠሩት ሙከራ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ነጭ ወረቀት ላይ ኤክስ ትጽፋላችሁ። ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ጨው በውሃ ሟሙቶ ያለበትን ፍላስክ እላዩ ላይ ታስቀምጣላችሁ። አሲድ ሲጨመርበት ድኝ እየተፈጠረ ፈሳሹ ይደፈርሳል። ኤክሱ ከዓይናችሁ እስኪጠፋ ሰዓት ትይዛላችሁ። ከዚያ ታዮሰልፌቱን ሞቅ እያደረጋችሁ ትደግሙታላችሁ።

ኤክሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያየው አንድ ሰው ይሁን። ለአንዱ "ጠፋ" የሆነው ለሌላው "ኧረ ገና ነው" ይሆናላ! መስኮቱን ክፈቱ፤ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጉሮሮ ይከረክራል። አስም ያለበት ሰው ራቅ ብሎ ሰዓት ይያዝ።

ሲሞቅ ኤክሱ ቶሎ ይጠፋል። ለምን ፈጠነ ብዬ ብጠይቅ ግማሻችሁ "ሞለኪውሎቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚጋጩ" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን ሒሳቡ አይሞላም። ከ25 ወደ 35 ዲግሪ ስናሞቅ የሞለኪውሎቹ አማካይ ፍጥነት የሚጨምረው 2 በመቶ እንኳ አይሆንም። ብዙ ሪአክሽኖች (ኬሚካዊ ለውጦች) ግን በዚያችው 10 ዲግሪ እጥፍ ገደማ ይፈጥናሉ። የቀረው ከየት መጣ?

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ይህንኑ ጠየቀ። የሚያጠናው ስኳር በአሲድ እንዴት እንደሚፈርስ ነበር። የደረሰበት መልስ ይህ ነው፦ ከሞለኪውሎቹ ለለውጥ የሚበቃ ጉልበት ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ ሲሞቅ የሚበዙት እነሱ ናቸው። የተቀረው ቢጋጭም ተመልሶ ይሄዳል። ያንን የጉልበት ወለል ዛሬ አክቲቬሽን ኢነርጂ እንለዋለን። ወለሉ በሞል 50 ኪሎጁል ቢሆን፣ 10 ዲግሪ መጨመር ብቻውን ወለሉን ያለፉትን ሞለኪውሎች ወደ እጥፍ ያስጠጋቸዋል። እኔ ከኬሚስትሪ በጣም የምወደው ሒሳብ ይሄ ነው።

ወላጆችም ይህን በወጥ ቤት ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላው አልበስል እያለ የሚያስቸግረን፣ ፕሬሸር ኩከርም የሚወደደው ለዚህ ነው።

የሙቀቱንና የፍጥነቱን ግራፍ ስትሠሩ ሰከንዱን እንዳለ አታስቀምጡ፤ 1ን ለሰከንዱ አካፍሉት፣ ፍጥነቱን የሚያሳየው እሱ ነው። መስመሩ ወደ ላይ ቢታጠፍ አትደንግጡ፣ መታጠፍ አለበት። መነጽርና ጓንት በሩ ጋ አለ። በሉ ግቡ!