የእማማ ምጣድ እና የጠፋው 40 ቮልት

ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ሰዎች የምሽት አንድ ሰዓቱን መብራት ታውቁታላችሁ፤ አለ ለማለትም የለም ለማለትም ያስቸግራል። እማማ፣ ያው የእኛዋ እማማ፣ «ምጣዱ ደክሟል፤ የጥገና ሠራተኛው ረዚስታንሱን፣ የሚግለውን ሽቦ፣ ላሳጥረው ብሎኛል፤ አንተ ምን ትላለህ?» ያሉኝ በዚያ ሰዓት ነበር።

የምትስቁባትን የቮልትና የአምፔር መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። ምጣዱ እየሠራ ሳለ ቮልቴጁ 180፣ የሚስበው ከረንት ደግሞ 13 አምፔር ነበር። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ረዚስታንሱ፣ ማለትም ሽቦው ከረንቱን የሚቋቋምበት መጠን፣ 13.8 ኦም ገደማ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ ኃይሉ 2,340 ዋት ነው። ይኸው ምጣድ ሙሉውን 220 ቮልት ቢያገኝ 16 አምፔር ያህል ስቦ ወደ 3,500 ዋት ይደርስ ነበር። ምጣዱ እንግዲህ ጤነኛ ነው። ቮልቴጁ የቀነሰው በ18 በመቶ ሆኖ ሳለ ኃይሉ በ33 በመቶ የወረደው፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንቱንም ይዞት ስለሚወርድና ኃይል የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ስሌት የሚያምረው የምጣድ ሽቦ ኒክሮም የሚባል የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ስለሆነና ሲግልም ረዚስታንሱ ብዙ ስለማይለወጥ ነው። የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ 484 ኦም ነው፤ አጥፍታችሁ ሲቀዘቅዝ ብትለኩት ግን የዚህን አንድ አሥረኛ ገደማ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ጉዳይ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ማውራት እችላለሁ፤ አላወራም።

ሽቦውን የማሳጠሩ ነገር ያስፈራኛል። በ180 ቮልት የቀድሞውን ሙቀት ለማግኘት ረዚስታንሱ ወደ 9.3 ኦም መውረድ አለበት፤ ሌሊት ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ ግን ያው ምጣድ 24 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ኃይሉም 5,200 ዋት ይሆናል። ሶኬቱም የግድግዳው ሽቦም ለዚህ አልተዘረጉም። ምሽት ላይ ደግሞ ብዙ ከረንት የሚስብ ምጣድ የመስመሩን ቮልቴጅ ይበልጥ ስለሚያወርደው፣ የአንዱ ቤት መፍትሔ ለቀጣዩ ቤት ችግር ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለእማማ አስረዳኋቸው። አክንባሎውን እንደያዙ በትዕግሥት ሰሙኝና «ከሠላሳ ሦስት በመቶ በላይ እንኳ ባይሆን፣ ቆጣሪው ያንኑ ያህል ይቀንስልኛል ማለት ነው?» አሉኝ። በሰዓት ሲታይ አዎን አልኳቸው። «ታዲያ ካርዱ ለምን ቶሎ ያልቃል?» አሉ።

እዚህ ላይ ነው እስካሁን የቆምኩት። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኃይልን በጊዜ አባዝቶ ነው፤ ኃይሉ ሲቀንስ እንጀራው ይዘገያል፣ ምጣዱም በዘገየ ቁጥር ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀት ይበዛል፣ ስለዚህ አንዱ እንጀራ ከበፊቱ የበለጠ ይፈጃል። ምን ያህል እንደሚበልጥ ቮልትና አምፔር ብቻ አይነግሩኝም። የጠፋው 40 ቮልት በእሳቸው 13 አምፔር ሲባዛ 520 ዋት ይሆናል፤ ይህ መንገድ ላይ ያሉትን ሽቦዎች የሚያሞቅ ስለሆነ በእሳቸው ቆጣሪ አያልፍም ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። «መንገዱማ ይሙቅ» አሉና ሊጡን ቀዱ። ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ያ ሳቅ አልጣመኝም።

ሌሊት ተነሥተው እንዲጋግሩ መምከር ይቻላል፣ በስሌቱ ትክክል ነው። ግን ለእሳቸው ዕድሜ... አላውቅም። ትናንት ምሽት ስለካ ደግሞ 172 ሆኗል። ጎረቤት አሳጥሮ ይሁን ሌላ ነገር፣ መለኪያዬ ይህን አይለይም። ለእማማ ገና አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ቀጥለው የሚጠይቁኝን ስለማውቀው...