ለአንዲት ፊደል የከፈልኩት 6,000 ብር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። ሐሙስ ማታ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አርክቴክቸር ሁለተኛ ዓመት ናት። «ጋሽዬ፣ ላፕቶፕ አግኝቻለሁ። ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ሻጩ ደግሞ ኦቨርክሎክ ይደረጋል ብሎኛል፤ ዋጋው ከሌላው ከፍ ያለውም ለዚያ ነው። ልጨምር ወይስ ይቅር?» ትላለች። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። «ልጨምር?» የሚለውን ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበርና። ኮር አይ ሰቨን የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ አእምሮ፣ ስም ነው፤ ኦቨርክሎክ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ነው። የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ጀምሬ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሠርጎች ያጠራቀምኳትን ብር ይዤ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ ሁለት መንታ የሚመስሉ ማሽኖች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ስክሪናቸው አንድ ነው፣ የሁለቱም ራም 8 ጊጋ ነው። የአንዱ ፕሮሰሰር የኢንቴል 6700ኤችኪው፣ የሌላው 6820ኤችኬ። ሁለተኛው በ6,000 ብር ይበልጣል።

አሁን ቁጥሮቹን ሳያቸው ያንገበግበኛል። ሁለቱም 4 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ናቸው፣ ሁለቱም 45 ዋት። የአንዱ ከፍተኛ ፍጥነት 3.5 ጊጋኸርዝ፣ የሌላው 3.6። ሁለተኛው በካሽ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ፈጣን ማህደረ ትውስታ፣ ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ውጪ ያለው ልዩነት መጨረሻ ላይ ያለችው «ኬ» ናት፤ ፋብሪካው የፍጥነቱን ገደብ አልቆለፈውም፣ ከፈለግህ ራስህ ከፍ አድርገው ማለት ነው። ገንዘቤን የሰጠሁት ለዚያች ፊደል ነው።

ቤት እንደገባሁ ወደ 4 ጊጋኸርዝ አወጣሁትና የ40 ደቂቃ ሠርግ ሬንደር ላይ (ኤዲት የተደረገውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ማውጣት ላይ) ጣልኩት። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ሙቀቱ 100 ዲግሪ ገባ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ፕሮሰሰሩም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ወደ 2.8 አወረደ። ሥራው ሲያልቅ ሰዓቴን አየሁ። ሳልነካው ከሚፈጅበት ጊዜ በሁለት ደቂቃ ዘግይቷል።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም አብሮ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ደርቆ ይቆማል። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር፣ ከቮልቴጁም ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ሁለቱንም በ10 በመቶ ብትጨምሩ ኃይሉ በ33 በመቶ ይጨምራል። የ45 ዋቱ ፕሮሰሰር 60 ዋት ሆነ ማለት ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት የመዳብ ቱቦዎችና ሁለት ስስ ፋኖች ግን የተሠሩት ለ45ቱ ነው። ዴስክቶፕ ቢሆን ትልቅ ማቀዝቀዣ ገዝታችሁ ትገጥሙለታላችሁ። ላፕቶፕ ላይ ያንን የት ታስገቡታላችሁ?

እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነን። ለቡና የምንጥደው ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው አየሩ የሳሳ ስለሆነ ነው። ፋኑም የሚገፋው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፤ በአንድ ዙር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማችን ቅዝቃዜ ያካክሰዋል፣ እውነት ነው፤ ግን ለኦቨርክሎክ የሚተርፍ ነገር የለም።

የጠቀመኝ ተቃራኒው ነው። ከፈትኩት፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀየርኩ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ሳልነካ ቮልቴጁን ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ያው ሬንደር ከበፊቱ ቀድሞ አለቀ፣ ፋኑም ጸጥ አለ። ይኼንን ለማድረግ ደግሞ «ኬ» አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ቮልቴጅን በማውረድ የፕሮሰሰሩን ደኅንነት መስበር እንደሚቻል ተመራማሪዎች ስላሳዩ፣ አምራቾች በባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) ማሻሻያ ዘጉት።

በጣም የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያኔ ሥራዬን የሚያንቀው ራሙ ነበር። 8 ጊጋው ሞልቶ ማሽኑ ሲንተፋተፍ፣ እኔ ፕሮሰሰሩን ነው የምወቅሰው። ያ 6,000 ብር ራም ላይ ቢውል ኖሮ ስንት ሌሊት ቀድሜ በተኛሁ።

እና ለልጅቷ ምን አልኳት? መጀመሪያ፣ «ኮር አይ ሰቨን» ብቻውን ምንም አይነግርሽም፤ ትውልዱን፣ ማለትም የስንተኛው ዙር ስሪት እንደሆነ፣ ጠይቂ አልኳት። አይ ሰቨን 7500ዩ 2 ኮር ነው። በዓመቱ የወጣው አይ ፋይቭ 8250ዩ 4 ኮር ነው፤ ሁለቱም 15 ዋት ናቸው። «ዩ» ለባትሪ የታሰበ ነው፣ «ኤች» ለከባድ ሥራ። እሷ የምትከፍታቸው የሥዕል ፕሮግራሞች አብዛኛውን ሥራ በአንድ ኮር ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ አዲስ ትውልድ ያለው አይ ፋይቭ «ኤች»፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማከማቻ)፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ። ለኦቨርክሎክ አንድ ብር እንዳትጨምሪ አልኳት። አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ራሳቸው ፋብሪካው እስከ ጫፍ ያወጣቸው ናቸው፤ 13980ኤችኤክስ የሚባለው ለአጭር ጊዜ እስከ 157 ዋት ይስባል። እዚያ ላይ ምን ይጨመራል?

«ሻጩ ግን እርግጠኛ ሆኖ ነው የነገረኝ» አለችኝ። ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኜ እይዛለሁ፤ ሻጩን 15 ደቂቃ ብቻ እለምነዋለሁ። በሙሉ ጭነት አስነስተነው፣ ከአምስተኛው ደቂቃ በኋላ ፍጥነቱ ስንት ላይ እንደሚቆም እሷ ራሷ ቁጥሩን ትጽፋለች።